«ይሄ አይጠገንም» ያለው ማነው?

«ጋሼ፣ ይሄ ሙዚየም ነው የሚገባው። አዲስ ስልክ ይግዙና ይገላገሉ!»

ይህን ያለው በአንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። የተባሉት አጎቴ ናቸው። በእጃቸው የያዙት ደግሞ ፓልም ስሪ የሚባል የኪስ ዲያሪ ነበር። ወጣቱ ዕቃውን ተቀብሎ አላገላበጠውም። የባትሪ ክዳኑን አልከፈተም። ከጠረጴዛው ወዲያ ሆኖ በዓይኑ ብቻ ፈረደበት።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ፍርድ ነው። ልጁን ለመውቀስ አይደለም፤ እሱ የሰማውን ነው የደገመው። ጥያቄዬ ፍርዱን መጀመሪያ ማን ሰጠው የሚለው ነው።

ለማታውቁት፣ ስማርት ስልክ ሳይመጣ በፊት ስልክ ቁጥር፣ ቀጠሮ፣ ማስታወሻና የሥራ ዝርዝር የሚይዙ በእጅ የሚያዙ ዕቃዎች ነበሩ። ካሲዮና ሻርፕ ትንንሽ ቁልፎች ያሏቸው ዲጂታል ዲያሪዎች ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓይለት የሚባለው መጣ፤ በፕላስቲክ ብዕር ስክሪኑ ላይ ይጻፍበታል። ፓልም ስሪ የእሱ ታናሽ ነው፣ በ1998 የወጣ። ካሜራ የለውም፣ ኢንተርኔት የለውም፣ ስልክ አይደውልም። በሁለት ቀጫጭን የሪሞት ባትሪ ድንጋይ ግን ለሳምንታት ይሠራል።

አጎቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፣ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊም ነበሩ። ፓልሙን ወንድማቸው ከውጭ ይዞላቸው ከመጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። የዕድርተኛው ስምና ስልክ፣ የማን እናት መቼ እንዳረፈች፣ ማን ምን ያህል እንዳልከፈለ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ዕቃው የግዕዝ ፊደል ስለማያውቅ ሁሉንም በላቲን ፊደል ነው የጻፉት። ታመው ለወራት ሲተኙ ፓልሙ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ሲመለሱ አልበራ አለ።

ከሱቁ ወጥተው መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ ሬዲዮ ወደሚጠግን ሰው ሄዱ። ሰውየው ክዳኑን ከፈተ። የባትሪ ድንጋዮቹ ፈስሰው የመዳብ ንክኪዎቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ጋግሯል። በጥጥ አቼቶ ነክሮ ጠረገው፣ በቢላ ጫፍ ፈቀፈቀው፣ በአልኮል አጸዳው፣ ሁለት አዲስ ድንጋይ ጨመረ። ስክሪኑ በራ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ የሚል ታሪክ ነበር። ግን ፓልሙ የበራው ባዶ ሆኖ ነው። አንድም ስም የለም። የእነዚያ ዕቃዎች ማስታወሻ በኤሌክትሪክ የሚኖር ነው፤ ባትሪ ሲለወጥ እንኳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልሆነ ይጠፋል። አጎቴ ዝም አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ የጻፉት መጽሐፍ ነጭ ወረቀት ሆኖ ነበር።

ደግነቱ፣ የአንድ ዘመን ጥንቁቅ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸውና ከአሮጌው ኮምፒውተራቸው ጋር እያገናኙ ግልባጭ ይይዙ ነበር። ግልባጩ ተገኘ። ግን ድርጅቱ የሠራው ፕሮግራም አዲሱ ላፕቶፕ ላይ አልሠራ አለ፤ ድርጅቱም ዛሬ የለም። ፋይሉን የከፈተው ጄ-ፓይለት የሚባል፣ በጎ ፈቃደኞች ሠርተው በነጻ ያስቀመጡት ፕሮግራም ነው። ዝርዝሩ በወረቀት ታተመ። ዕድሩ መዝገቡን አገኘ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ባለሙያ ሱቅ «አይጠገንም» ያለውን ዕቃ ያዳኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የሚወጣ ባትሪ፣ የሚከፈት አካል፣ እና ከዕቃው ውጭ ሊነበብ የሚችል ፋይል። ከሦስቱ አንዱ ባይኖር ፍርዱ ይጸና ነበር። ሦስቱንም ደግሞ አጎቴ አልወሰኗቸውም። የተወሰኑት ዕቃው በተሠራበት ቀን ነው።

የምለው ይኸው ነው። «ልጠግን ወይስ ልለውጥ?» የሚለው ጥያቄ ለባለቤቱ የቀረበ አይደለም። ገና ሳንገዛው ፋብሪካ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። እኛ ሱቅ ስንቆም የምንሰማው የመልሱን ማስተጋቢያ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላል የአገሬ ሰው።

1. ባትሪው

ማስረጃው እዚያው ፓልም ቤት ውስጥ አለ። ፓልም ስሪ ከወጣ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1999 መጀመሪያ፣ ፓልም ፋይቭ መጣ። ስስ ነው፣ አካሉ አልሙኒየም ነው፣ ያምራል። የባትሪ ድንጋይ አይፈልግም፣ ውስጡ የሚሞላ ሊቲየም ባትሪ አለው። ሰው ወደደው። ግን ብሎን የለውም፤ በሙጫ ነው የታሸገው። ባትሪው ሲደክም ለመክፈት ሙጫውን ማሞቅ ያስፈልጋል።

አንድ ድርጅት፣ አንድ ዓይነት ሥራ፣ የአንድ ዓመት ልዩነት። አንዱን ከየትኛውም ኪዮስክ በሚገዛ ድንጋይ ዛሬም ታስነሣዋለህ። ሌላው ባትሪው ሲሞት አብሮ ይቀበራል። በ2007 የመጣው የመጀመሪያው አይፎንም ባትሪው በባለቤቱ እጅ የማይወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

2. መለዋወጫው

ቀጥሎ መለዋወጫ ነው። ዛሬ ስክሪን ወይም ባትሪ ስትለውጥ ስልኩ «ይህ ዕቃ ኦሪጅናል አይደለም» የሚልህ ለምንድነው? አንዳንድ አምራቾች የእያንዳንዱን ክፍል መለያ ቁጥር በሶፍትዌር ከስልኩ ጋር ስላጋቡት ነው። ከሌላ ስልክ የወጣ ያው የድርጅቱ ኦሪጅናል ስክሪን ብታስገባ እንኳ አንዳንዱ አገልግሎት ይጠፋል። ጠጋኙ እጁ ንጹሕ፣ ዕቃው ኦሪጅናል፣ ሥራው ትክክል ሆኖ ሳለ ደንበኛው ፊት ሌባ ይመስላል።

በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት በ2024 ይህን ጋብቻ የሚከለክል ሕግ አወጣ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ስልክና ታብሌት የሚሸጥ ሁሉ ሞዴሉን መሸጥ ካቆመ በኋላ ለ7 ዓመት መለዋወጫ፣ ለ5 ዓመት ደግሞ የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዲያቀርብ አስገድዷል። ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮም፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በእጅ የሚያዙ ዕቃዎች ባትሪ ባለቤቱ ራሱ ሊያወጣው የሚችል መሆን አለበት። ለ20 ዓመት «አይቻልም» ሲባል የነበረው ሕግ ሲመጣ ተቻለ።

3. የጻፍከው ነገር

ሦስተኛው የሚረሳው ነው። ዕቃው የእኔ ቢሆንም ውስጡ ያለው የእኔ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?

የፓልምን መጨረሻ ተመልከቱ። በ2010 ኤችፒ በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2011 ነሐሴ ወር ገደማ ስልኮቹንና ታብሌቱን መሥራት አቆምኩ አለ። በ2015 መጀመሪያ ደግሞ የመጨረሻዎቹ የፓልም ስልኮች የሚገናኙባቸውን ሰርቨሮች ዘጋ። ስልኩ በሰው እጅ ላይ እየበራ፣ ቁልፉ እየሠራ፣ ከውቅያኖስ ማዶ ያለ ማብሪያ ማጥፊያ ተጫኑና ግማሽ ጎኑን ወሰዱት። የቀደመው የአጎቴ ፓልም ግን ሰርቨር አይጠይቅም። ፋይሉ በገመድ ወጥቶ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ዕድሩ መዝገቡን ያገኘው።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ፤ ውሸት የሆኑ ብቻ አይደሉምና።

«ስልክ ሁሉንም ይሠራል፤ ለፓልም ምን አስለቀሰህ?» እውነት ነው፤ ማንም ወደ ፓልም ይመለስ አላልኩም። ግን ስልክ ሁሉንም ስለሚሠራ ሲሞት ሁሉንም ይዞ ይሞታል። ጉዳዩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

«የሚታሸገው ውሃ እንዳይገባበት ነው።» በከፊል ልክ ነው። ግን በ2014 የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ ፋይቭ ውሃ ይቋቋም ነበር፤ ጀርባው በጥፍር ተከፍቶ ባትሪው ይወጣ ነበር። ስለዚህ «አይቻልም» ሳይሆን «አንፈልግም» ነው።

«ጥገናው ከአዲሱ ሊበልጥ ምንም አይቀረው።» ይሄ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን ዋጋው ከሰማይ አልወረደም። በዲሴምበር 2017 አፕል ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን በሶፍትዌር እንደሚያዘገይ አመነ። ሰው ተቆጣ። ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀና ዋስትና ላለፈባቸው ስልኮች የባትሪ መለወጫ ዋጋውን ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደው። ያው ባትሪ፣ ያው ብሎን፣ ያው ሠራተኛ። በአንድ ሳምንት ውስጥ 50 ዶላር የት ሄደ? ስንት ሰው ደግሞ ከዚያ በፊት የ29 ዶላር ችግር ይዞ አዲስ ስልክ ገዛ? የፈረንሳይ ተቆጣጣሪ በ2020 ድርጅቱን 25 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው ይህን ማዘግየት ለደንበኞቹ ስላልተናገረ ነው።

«አሮጌ ስልክ ለደኅንነት አደገኛ ነው።» ከሁሉም ጠንካራው ይሄ ነው፣ እቀበለዋለሁ። የአጎቴ ፓልም ኢንተርኔት ስለማያውቅ ማንም ሰብሮ አይገባበትም። የባንክ መተግበሪያ ያለበትና ማሻሻያ የማይደርሰው ስልክ ግን በሩ የተከፈተ ቤት ነው። ስለዚህ ሃርድዌሩን ብቻ መጠገን አይበቃም፤ ማሻሻያውንም ማቅረብ ግዴታ ይሁን። ያበጠ ሊቲየም ባትሪንም ማንም «ትንሽ ይሥራ» አይበል፣ አይጫን፣ አይበሳ። እሳት ነው። የሚጣል ነገር አለ። የምከራከረው የሚጣለው ምን እንደሆነ ባለቤቱ በዕውቀት እንዲወስን ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ከመቶ ብር ለማለፍ ወር አልፈጀበትም። እያንዳንዱ «አዲስ ይግዙ» የሚል ምክር የውጭ ምንዛሪ ምክር ነው። በዶላር የሚገዛ ሕዝብ ለመጠገን መብት ከአውሮፓዊው በላይ መጮህ ነበረበት። እኛ ግን ዝም ብለናል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኛ ነው።

ሙያው ደግሞ አለን። ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ይህ ሕዝብ ካረጀ ዕቃ ምን እንደሚያወጣ ያውቃል። ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው ሁለተኛ ሕይወት ያገኛል። መንገድ ዳር ማይክሮስኮፕ ተክለው የስልክ ቦርድ የሚበይዱ ወጣቶች አሉን። እነዚህ ልጆች የጎደላቸው እጅ አይደለም። ሥዕላዊ መመሪያ አይሰጣቸውም፣ ኦሪጅናል መለዋወጫ አይሸጥላቸውም፣ ሶፍትዌሩም ይቆለፍባቸዋል። ከዚያ «የኢትዮጵያ ጠጋኝ ያበላሻል» እንላቸዋለን። ያ የመጀመሪያው ወጣት አጎቴን ያሰናበታቸው ለዚህ ጭምር ነው፤ ከጥገና ይልቅ ከሽፋንና ከቻርጀር ሽያጭ የተሻለ እንዲያተርፍ ተደርጎ ነው ገበያው የተሠራው።

የተጣለውስ የት ይሄዳል? የተባበሩት መንግሥታት የ2024 ሪፖርት እንደሚለው ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ቀሪው ያለ ጓንት በሚሠራ ሰው እጅ ይፈታል፣ ይቃጠላል ወይም ይቀበራል። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሕጋችን ምን ይላል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ጥሩ ነው። ግን ባትሪ በ15 ቀን አይሞትም። ባትሪ የሚሞተው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ያኔ ሸማቹ ብቻውን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ስልክና ታብሌት የሚያስመጣ ወይም እዚህ የሚገጣጥም ድርጅት የሞዴሉን ባትሪ፣ ስክሪንና የቻርጅ መሰኪያ ቢያንስ ለ5 ዓመት አገር ውስጥ እንዲያቀርብ ይገደድ። ዋጋውም ስልኩ ከመሸጡ በፊት ይለጠፍ። የባትሪ መለወጫው የስልኩን ግማሽ ዋጋ እንደሚያስከፍል አስቀድሞ ያወቀ ገዢ ሌላ ይመርጣል።

ሁለተኛ፣ መለዋወጫን በመለያ ቁጥር የሚቆልፍ ዕቃ ሻጩ በግልጽ እንዲናገር፣ ቁልፉንም ለማንኛውም ጠጋኝ እንዲከፍት ይገደድ።

ሦስተኛ፣ ባለቤቱ ስልክ ቁጥሩን፣ ማስታወሻውንና ፎቶውን በማንኛውም ኮምፒውተር ሊነበብ በሚችል ፋይል የማውጣት መብት ይኑረው።

አራተኛው ለመንግሥት ነው፣ ለዚህ አዲስ አዋጅም አያስፈልግም። ትልቁ ገዢ ራሱ ነው። ለ4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከመቶ ሺህ በላይ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር፤ ቆጠራው በ2011 ዓ.ም. ተራዘመ። ሊቲየም ባትሪ ተጠቀምክበትም አልተጠቀምክበትም ያረጃል፤ መጋዘን ውስጥም ያረጃል። እንዲህ ያለ ግዢ ሲታሰብ የጨረታ ሰነዱ የመጀመሪያ ጥያቄ «ባትሪው በስንት ደቂቃ ይወጣል? መለዋወጫው እስከ ስንት ዓመት ይገኛል?» መሆን አለበት። መንግሥት ይህን አንድ መስመር ቢጨምር አስመጪው በማግስቱ ቋንቋውን ይቀይራል።

እናንተስ? ሕግ እስኪወጣ አትጠብቁ። ስልክ ስትገዙ ስለ ካሜራው ከመጠየቃችሁ በፊት «ባትሪው ሲሞት ማን ይለውጥልኛል? በስንት?» በሉ። ዛሬ ማታ የስልካችሁን ቁጥሮች አንድ ግልባጭ ከስልኩ ውጭ አስቀምጡ። የማትጠቀሙበት ሪሞትና ዲያሪ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ አትተዉ። አንድ ሱቅ «አይጠገንም» ሲላችሁ ደግሞ «ከፍተህ አይተኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልከፈተው የነገራችሁ የፋብሪካውን ሐሳብ ነው።

አጎቴ ፓልሙን አልጣሉትም። ዝርዝሩ በወረቀትም በስልክም ስላለ የግድ አያስፈልጋቸውም፤ ግን ቀጠሯቸውን አሁንም እዚያ ላይ ነው የሚይዙት። የዚያ ዕቃ ካላንደር ከዲሴምበር 31 ቀን 2031 በላይ መቁጠር አይችልም፤ ሲሠሩት የዓመት መቁጠሪያውን እስከዚያ ብቻ አድርገውታል። በእኛ ታኅሣሥ 21 ቀን 2024 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ይህን ስነግራቸው ሳቁና «እንግዲያው ከእኔ ጋር እንተካከላለን» አሉ።

ያም ገደብ ፋብሪካ ውስጥ የተወሰነ ነው። ግን ቢያንስ እስከዚያ ቀን ድረስ መቼ እንደሚያርፍ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ላለውስ ማን ነው የሚወስነው?